ሃሪ ቤላፎንቴ፦ በዘፈኑ ገንዘብ እምቢ ያለ ተዋናይ

ጥያቄው ይኸው፦ «ትወና እየተማርኩ ነው፣ እዘፍናለሁም። አስተማሪዎቼ አንዱን ምረጥ ይሉኛል። ሁለቱንም ስለሠሩ ሰዎች ሳነብ ሃሪ ቤላፎንቴ ላይ ደረስኩ። ዘፋኝነቱን ዓለም ያውቀዋል። ፊልም ላይ ግን በ1950ዎቹ ትንሽ ታየና ከ1959 በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ጠፋ። ጓደኛው ሲድኒ ፖይቲየር በዚያው ጊዜ ኦስካር ወሰደ። ቤላፎንቴ ወደ ዘፈኑ ያደላው ትወናው ስላልሆነለት ነው? ሥራዎቹን ልይ ብል ከየቱ ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቤላፎንቴ መጀመሪያ የፈለገው ትወናን ነው። መዝፈን የጀመረው ለትወና ትምህርቱ የሚከፍለው ስላጣ ነው። ከፊልም የራቀው ደግሞ የሚያመጡለት ገጸ ባሕርያት ስላልተዋጡለት ነው። እምቢ ብሎም ጦሙን ያላደረው ሸክላው ስለሚሸጥለት ነው። እኔ ለመድረክ ተዋንያን የድምፅ ሥልጠና ስለምሰጥ የዚህ ሰው ስም ከአፌ አይጠፋም፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በእኛ ስጽፍ እነግርሃለሁ።

የተወለደው ማርች 1 ቀን 1927 ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ናቸው። እናቱ ሰው ቤት እየሠራች ነው ያሳደገችው። ከልጅነቱ የተወሰነውን ዓመት ጃማይካ፣ አያቱ ጋ አሳልፏል፤ በኋላ ሀብታም ያደረጉትን ዜማዎች ጆሮው የለመደው እዚያ ነው። ትምህርት አልሆነለትም። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር ነበረበት። ሁለተኛ ደረጃን አቋርጦ በ1944 ባሕር ኃይል ገባ።

ከጦርነቱ ሲመለስ ያገኘው ሥራ የአፓርታማ ጥገና ረዳትነት ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ተከራይ የመስኮት መጋረጃ ሲያስተካክል ሴትዮዋ በጉርሻ ፈንታ ሁለት የትያትር ትኬት ሰጠችው። ትኬቱ ሃርለም ውስጥ ጥቁሮች ያቋቋሙት የአሜሪካን ኒግሮ ቲያትር ነበር። ገባ፣ አየ፣ በቃ ልቡ እዚያው ቀረ። ቡድኑን ተቀላቅሎ ዕቃ እየተሸከመና መድረክ እያዘጋጀ ሥራውን ከሥር ጀመረ።

ሲድኒ ፖይቲየርን ያገኘውም እዚያ ነው። ፖይቲየር በዘጠኝ ቀን ይበልጠዋል። ሁለቱም ኪሳቸው ባዶ ስለነበር ብሮድዌይ፣ የኒውዮርክ ትላልቅ ትያትር ቤቶች ባሉበት ሰፈር፣ የሚታይ ነገር ሲያምራቸው በአንድ ትኬት ነበር የሚገቡት። አንዱ የመጀመሪያውን ክፍል ያያል። ዕረፍት ላይ ይወጣና እዚያው ደጅ ላይ ታሪኩን ነግሮ የትኬቱን ቁራጭ ለሌላው ያቀብለዋል።

ከዚያ ጀርመናዊው አዘጋጅ ኤርዊን ፒስካቶር ኒውዮርክ ውስጥ ወደሚመራው የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። አብረውት የተማሩትን ስማ፦ ማርሎን ብራንዶ፣ ዋልተር ማታው፣ ቶኒ ከርቲስ። እነዚህ ልጆች ተራ በተራ ሥራ ሲያገኙ ለአንድ ጥቁር ወጣት የነበረው በር ግን ጠባብ ነበር፤ አሽከር፣ ወንበዴ፣ ወይ የሚያስቅ ሞኝ። የትምህርት ክፍያው ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ በ1949 ሮያል ሩስት በሚባል የጃዝ ክለብ መዝፈን ጀመረ። በመጀመሪያው ምሽት ቻርሊ ፓርከርና ማክስ ሮች ወጥተው አጀቡት። የጃዝ ሙዚቃ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማያውቅ፣ ከዘመኑ ታላላቆች ሁለቱ ለአንድ ጀማሪ ትከሻ ሆኑለት ማለት ነው።

ግን የጃዝና የፖፕ ዘፋኝነቱ ቶሎ ሰለቸው። በመልኩና በቁመናው ይወደዳል፣ እሱ ግን የሚዘፍነው ነገር ውስጡ አልገባም። ተወው። ዋሽንግተን ሄዶ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተሰበሰቡትን የሕዝብ ዘፈኖች እያዳመጠ ማጥናት ጀመረ፤ የእስረኞች፣ የጥጥ ለቃሚዎች፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ዘፈኖች። በ1951 ቪሌጅ ቫንጋርድ ክለብ በአንድ ጊታር ታጅቦ ሲቀርብ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። እነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ሁሉ አንድ ሰው አለ። ስም ባይኖረው እንኳ ሥራ አለው፣ የሚያመው ነገር አለ፣ የሚፈልገው ነገር አለ። ለተማረ ተዋናይ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

እዚህ ጋ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ላንተ የሚጠቅመው ይሄ ነው። «ዴይ ኦ» የሚለውን ዘፈን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሠርግ ላይ፣ ኳስ ሜዳ፣ የልጆች ፊልም ውስጥ ትሰማዋለህ። ሌሊቱን ሙሉ መርከብ ላይ ሙዝ ሲጭን ያደረ ሠራተኛ ዘፈን ነው። ሊነጋ ነው፣ ደክሞታል፣ ግን የጫነውን የሚቆጥረው ሰው መጥቶ ሳይቆጥርለት ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። አቀንቃኝና ተቀባይ ያለው ነው፣ እንደኛ የደቦ ዘፈን። አሁን ዓይንህን ጨፍነህ ስማውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፤ ለማን ነው የሚናገረው? የመጀመሪያው ረጅም ጥሪ ለማንም አይደለም፤ ሜዳ ላይ እንደሚጣራ ሰው ድምፁን ወደ ሩቅ ይለቀዋል። ወደ ቆጣሪው ሲዞር ግን «ጌታው» ብሎ ነው የሚለምነው፣ ድምፁ ይቀርባል፣ ትሕትናና ቁጣ አንድ ላይ ይይዘዋል። የሙዙን ዘለላ መጠን ሲዘረዝር ደግሞ ለጓደኞቹ እየፎከረ ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት አድማጭ፣ ሦስት የድምፅ ርቀት። ድምፁ የሻከረ ነው፣ በዘመኑ ከእሱ የሚበልጡ ድምፃውያን ሞልተዋል። ከነሱ የለየው ለማን እንደሚናገር ሁልጊዜ ማወቁ ነው። ይህንን ደግሞ ያገኘው ከፒስካቶር ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘፈኑ ያለበት «ካሊፕሶ» የተሰኘው አልበም በ1956 ወጣ። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሽያጭ ሠንጠረዥ አናት ላይ 31 ሳምንት ተቀመጠ፣ ከሚሊዮን በላይም ተሸጠ፤ ያኔ ለአንድ ዘፋኝ ሙሉ አልበም ይህ ያልተለመደ ነገር ነበር። ጋዜጠኞች «የካሊፕሶ ንጉሥ» አሉት። ትሪኒዳዶች ቅር አላቸው፣ እውነትም አላቸው፤ ካሊፕሶ የነሱ የዘፈን ስልት ነው፣ ንጉሥ የሚባለውም በውድድር ያሸነፈ ሰው ነው፣ የቤላፎንቴ ዜማዎች ደግሞ ብዙዎቹ የጃማይካ ናቸው። ብዙዎቹን ግጥሞች ያዘጋጀለት ኧርቪንግ በርጊ መሆኑንም አትርሳ። ያም ሆነ ይህ ከዚያ ቀን በኋላ የቤት ኪራይ ጭንቀት አልነበረበትም። ይህችን ነጥብ ያዝልኝ።

ወደ ትወናው እንመለስ። በ1954 ብሮድዌይ ላይ በሠራው ሙዚቃዊ ትያትር ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ የትያትር ሽልማት አገኘ፣ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። በዚያው ዓመት በኦቶ ፕረሚንጀር አዘጋጅነት «ካርመን ጆንስ» ላይ ከዶሮቲ ዳንድሪጅ ጋር መሪ ተዋናይ ሆነ። ፊልሙ ሙዚቃዊ ነው፣ እሱ ደግሞ ዘፋኝ ነው፣ ግን ድምፁን አልተጠቀሙበትም! ዜማው ኦፔራ ስለሆነ የሱ ድምፅ አይመጥንም ብለው ሌቨርን ሃቸርሰን የሚባል ዘፋኝ ዘፈነለት። ዳንድሪጅም ዘፋኝ ነበረች፣ በሷም ምትክ ሌላ ሴት ዘፈነች። ፊልሙን ስታይ ዘፈኖቹ ላይ ደረቱን ተመልከት። አፉ ከቃሉ ጋር ይገጥማል፣ ትንፋሹ ግን አይገጥምም። ረጅሙን ድምፅ የሚያወጣው ሰው አየር መሳብ ያለበት ቦታ ላይ ቤላፎንቴ አይስብም። ፊቱ ከመዝፈኑ በፊት ሕያው ነው፣ ዘፈኑ ሲጀምር እንደ ፎቶ ይደርቃል። እኔ ይህንን ትዕይንት ለተማሪዎቼ የማሳየው ድምፅና ትወና ሲለያዩ ሰውነት ምን እንደሚሆን እንዲያዩ ነው።

በ1957 «አይላንድ ኢን ዘ ሰን» ላይ ከነጯ ተዋናይት ጆን ፎንቴን ጋር የፍቅር ታሪክ ተሰጠው፣ ግን እንዳይሳሳሙ ሆኖ ነው የተቀረጸው። ያም ሆኖ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ፊልሙን የሚከለክሉ ነበሩ፤ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የሚያሳየውን ሲኒማ ቤት የሚቀጣ ሕግ ይውጣ ተብሎ እስከ መነጋገር ተደርሷል። ቤላፎንቴ እንዲህ ያለ ግማሽ ሥራ ሰለቸው። ሀርቤል የሚባል የራሱን የፊልም ድርጅት አቋቋመ።

ከሀርቤል የወጣው «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው»፣ 1959፣ በኔ እምነት የፊልም ሥራው ጫፍ ነው። ሦስት ሰዎች ባንክ ሊዘርፉ ይስማማሉ። ቤላፎንቴ በቁማር ዕዳ የተዘፈቀ የክለብ ሙዚቀኛ ነው፣ ሮበርት ራያን ደግሞ ጥቁር የሚጠላ የቀድሞ ወታደር። ዕቅዳቸው የሚበላሸው በዚህ ጥላቻ ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው አብርሃም ፖሎንስኪ በኮሙኒስትነት ተወንጅሎ ከሥራ የታገደ ሰው ስለነበር ስሙ አልተጻፈም፤ ስሙ የተመለሰለት በ1990ዎቹ ነው። ቤላፎንቴ ይህንን እያወቀ ነው ሥራውን ለሱ የሰጠው። አንድ ትዕይንት አለ፣ ክለቡ ውስጥ ሰክሮ የሌላዋን ዘፋኝ ዘፈን ከኋላ እየገባ የሚያበላሽበት። ሰው የሚወደውን ድምፁን እያወቀ አስቀያሚ ያደርገዋል። መልከ መልካም ኮከብ ሆኖ እንዲህ መጠላትን የሚደፍር ብዙ የለም።

እንግዲህ ጠፋ ያልከው ከዚህ በኋላ ነው። አልጠፋም፣ እየመጣለት እምቢ እያለ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ቀርቦለት ነበር። በጉልበቱ የሚሄድ ለማኝ፣ ቁማርተኛ፣ ዕፅ ሻጭ የሞሉበት ታሪክ ነው ብሎ አልሠራም አለ። ፖይቲየር ሠራው። «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ»ም መጀመሪያ ለሱ ቀርቦለት ነበር። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ያለፈ ሕይወት የሌለው፣ ለራሱ ምንም የማይፈልግ፣ መነኮሳትን ረድቶ የሚሄድ ጥቁር ሰው። ይሄ ሰው አይደለም ብሎ መለሰው። ፖይቲየር ሠራው፣ በ1964ም በሱ ኦስካር ወሰደ፣ በመሪ ተዋናይነት የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆኖ።

አንዱን ጀግና ሌላውን ከሃዲ ማድረግ ግን አይገባም። ፖይቲየር መዝፈን አይችልም ነበር፤ «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ላይ የዘፈነለት ሌላ ሰው ነው። የሚበላው ከፊልም ብቻ ነው። በዚያ ጠባብ በር ገብቶ ውስጡን አሰፋው፣ ለኋለኞቹ ሁሉ መንገድ ከፈተ። ቤላፎንቴ ደግሞ ፊልሙን ትቶ ኮንሰርት ማድረግ ይችላል። በ1959 ካርኔጊ አዳራሽ ያቀረበው ኮንሰርት ሸክላ ሆኖ ወጥቶ በጣም ተሸጧል። የሁለቱን ልዩነት በባሕርይ ብቻ ለማስረዳት የሚሞክሩ ጸሐፊዎች አሉ፤ ገንዘቡን ሳያዩ የሚጽፉ ናቸው።

ቴሌቪዥን ላይም እንደዚሁ ነው። በዲሴምበር 1959 ያቀረበው የአንድ ሰዓት ዝግጅት ኤሚ ሽልማት አስገኘለት፣ ለጥቁር አሜሪካዊ የመጀመሪያው። ስፖንሰሩ ሌሎች ዝግጅቶች እንዲቀጥሉ ፈልጎ ነበር፣ ግን ነጭና ጥቁር አንድ መድረክ ላይ መቀላቀሉ ይቅር አሉት። እምቢ አለ፣ ውሉም ፈረሰ።

የ1968ቱን ግን በደንብ ልንገርህ። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ፔቱላ ክላርክ ለአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ዝግጅት እየቀረጸች ቤላፎንቴ እንግዳዋ ነበር። ጦርነትን የሚቃወም ዘፈን አብረው እየዘፈኑ ሳለ ስሜቱ ገፋፍቷት ክንዱን ያዝ አደረገችው። ያዝ ብቻ። የስፖንሰሩ የመኪና ኩባንያ ሰው ብድግ አለ፤ ነጭ ሴት ጥቁር ወንድ ነክታ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች አይታይም፣ ሌላ ቀረጻ ይግባ አለ። ክላርክና ፕሮዲዩሰር የነበረው ባሏ ሌሎቹን ቀረጻዎች በሙሉ እንዲጠፉ አደረጉ። የቀረው ክንድ የተያዘበት ብቻ ሆነ። ዝግጅቱ ኤፕሪል 8 ተላለፈ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በአራተኛው ቀን። ቅንጥቡን ዛሬ ብታየው ምኑ ነው ያጣላቸው ትላለህ፣ እጇ ክንዱ ላይ ለጥቂት ሰኮንድ ነው ያረፈው።

ከኪንግ ጋር የነበረው ወዳጅነት ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ አልገባበትም። ገንዘቡ የት ይሄድ እንደነበር ብቻ ልጥቀስ። በ1963 በርሚንግሃም ለጥቁሮች መብት ወጥተው ለታሰሩት ሰልፈኞች ዋስ የሚሆን ገንዘብ አሰባስቧል። በ1964 ደግሞ ፖይቲየርን አስከትሎ ለመብት ታጋዮቹ የሚሆን 70,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዞ ሚሲሲፒ፣ ግሪንዉድ ድረስ ሄዷል፣ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ሰዎች በመኪና እያሳደዷቸው። ደቡብ አፍሪካዊቷን ሚርያም ማኬባን አሜሪካ ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ አብረው የሠሩት አልበም ግራሚ አግኝቷል። (ማኬባ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችው እሷው ናት።)

የኛም አገር ታሪክ ከዚህ ሰው ጋር ይገናኛል። በዲሴምበር 1984፣ በእኛ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ የረሃቡን ዜና አይቶ ኬን ክሬገን ለተባለው የአርቲስቶች ማናጀር ደወለ። አንድ ነገር እናድርግ አለው። ክሬገን ላየነል ሪቺን፣ ማይክል ጃክሰንንና ኳንሲ ጆንስን ያዘ፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት፣ በእኛ ጥር 20 ቀን 1977፣ ሆሊውድ ውስጥ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ተቀረጸ። ዘፈኑ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ቪዲዮውን እንደገና ስታይ ቤላፎንቴን ፈልገው። ሐሳቡ የሱ ነው፣ ብቻውን የሚዘፍናት ስንኝ ግን የለችም፤ ከኋላ ከተቀባዮቹ ጋር ቆሟል። በቀረጻው መሃል ዕረፍት ላይ አንዱ «ዴይ ኦ»ን ጀመረና እነዚያ ሁሉ ኮከቦች ተቀብለው ለሱ ዘፈኑለት። በዚያች ሌሊት ስቲቪ ወንደር ሁለት ኢትዮጵያውያት ሴቶች ይዞ ገብቶ ነበር፤ ለዘፋኞቹ ምስጋና ሲያቀርቡ ክፍሉ ውስጥ ያለቀሰ ብዙ ነው። በዚያው ዓመት እሱ ራሱ ከዕርዳታው ጋር ኢትዮጵያ መጣ።

ፊልም ላይ የተመለሰው በ1970 ነው። በ1974 ፖይቲየር ባዘጋጀው ኮሜዲ ላይ የወንበዴ አለቃ ሆኖ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛውን የብራንዶን የማፊያ አባት አነጋገር ያስመስላል፣ በጣም ነው የሚያስቀው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1996 በሮበርት አልትማን «ካንሳስ ሲቲ» የሠራው ጨካኝ የክለብ ባለቤት ነው። በሹክሹክታ ይናገራል፣ በዝግታ፣ ሰውን ሊያስገድል ሲል እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለዚህ ሥራው የኒውዮርክ የፊልም ሐያስያን በረዳት ተዋናይነት ሸለሙት። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያኔ ነው ብዙ ሰው ይህ ሰው ለካ ተዋናይ ነው ያለው።

አስተማሪዎችህ አንዱን ምረጥ የሚሉህ ጊዜህ እንዳይበተን ሰግተው ይሆናል፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አንዱን ጣል አልልህም። አንድ ነገር ሞክር፦ የምትወደውን ዘፈን ግጥም ያለ ዜማ፣ እንደ ቃለ ተውኔት አጥናው። ማን ነው የሚናገረው፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ? ይህንን ሳትመልስ ዜማ አታስገባ። ሁለተኛ፣ የሚያበላህን ሥራ ከምትወደው ሥራ ለይተህ እወቅ። ቤላፎንቴ በሃያዎቹ ዕድሜው ይህንን ለይቶ ነበር።

ከየት ልጀምር ላልከው፣ «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው» ይቅደም። ከዚያ የ1959ኙን የካርኔጊ ኮንሰርት በጆሮ ማዳመጫ ስማው፤ ቪዲዮ የለውም፣ ግን መድረኩ ላይ የት ጋ እንደቆመ ይታወቅሃል። ሦስተኛ «ካንሳስ ሲቲ»። ከዚያ ዘጠና ዓመት ግድም ሆኖት በስፓይክ ሊ «ብላክክላንስማን» ላይ የሚታይባትን የመጨረሻ ፊልሙን ተመልከት፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በ1916 ቴክሳስ፣ ዌኮ ውስጥ ስለተገደለው ወጣት ለተማሪዎች ይተርካል። «ካርመን ጆንስ» መጨረሻ ላይ ይሁን፣ ያን ጊዜ ድምፁን በደንብ ስለምታውቀው የሌላ ሰው ድምፅ ከአፉ ሲወጣ ወዲያው ይሰማሃል።